የቢሮ ቁጣ የት ያድራል?

ለመሆኑ ሥራ ቦታ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጡት መቼ ነበር? ትናንት? ባለፈው ሳምንት? ወይስ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ? የተቆጡበትን ምክንያት በደንብ ያስታውሱት ይሆናል። ሪፖርቱ ዘግይቷል፣ ደንበኛ ተጉላልቷል፣ ሦስት ጊዜ የተነገረ ነገር ለአራተኛ ጊዜ ተረስቷል። ምክንያትዎ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። እስቲ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ እነማን ነበሩ? የተቆጡትን ሰው አይረሱትም። ከጎኑ የተቀመጠችውን አዲስ ሠራተኛ፣ ፋይል ይዞ በር ላይ የቆመውን ተላላኪ፣ ሻይ ልታቀርብ ገብታ በድንጋጤ የተመለሰችውን ሴት ግን ያስታውሷቸዋል?

እነሱ ያስታውሱዎታል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አበው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ ሲወጋ ቆሞ ያየውም ይታመማል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ይህንኑ ነው። በሥራ ቦታ የሚታይ ቁጣ በተቆጪውና በተቆጡት ሰው መካከል ብቻ አይቀርም። ወዴት እንደሚሄድ፣ ማንን እንደሚነካና ማታ የት እንደሚያድር እንይ።

ቁጣ ብዙ መልክ አለው

ቁጣ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጩኸትና ጠረጴዛ መደብደብ ነው። «እኔ እኮ ሥራ ቦታ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም» የሚሉ ከሆነ ትንሽ ይታገሱ። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ከጩኸት ይልቅ የተለመዱ የቁጣ ዓይነቶች አሉ።

አንዱ ኩርፊያ ነው። አለቃው ጠዋት ይገባሉ፤ «እንደምን አደራችሁ» የለም። ፊታቸው ጠቁሯል። በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ጸሐፊዋ ለገባ ሰው ሁሉ «ዛሬ እንኳ ባትገባ ይሻልሃል» ማለት ትጀምራለች። ማንም አልተሰደበም፣ ቢሮው ግን ከሰዓት በፊት ሥራ ፈቶ ይውላል። ፊርማ የሚፈልግ ደብዳቤ ለነገ ይተላለፋል፤ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል።

ሁለተኛው አግቦ ነው። «አንዳንድ ሰው ደመወዝ ሲደርስ ብቻ ሰዓት ያከብራል» የሚል ንግግር በስብሰባ መካከል ይወረወራል። ስም አልተጠራም። ስለዚህ አንድ ሰው መቆጣት ሲገባው ስብሰባው ሁሉ «እኔን ነው?» እያለ ይበጠበጣል።

ሦስተኛው ዘመን ያመጣው ነው፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ የሚለጠፍ ኃይለ ቃል። ቢሮ ውስጥ የተነገረ ቃል አሥር ሰው ይሰማው ይሆናል። ግሩፕ ላይ የተጻፈውን ግን ሃምሳ ሰው ያነበዋል፤ ተቀባዩም ሚስቱና ልጆቹ አጠገብ ተቀምጦ ይደርሰዋል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚለው ተረት ከስልክ ለወጣውም ይሠራል።

ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ

ስሜት እንደ ጉንፋን ይተላለፋል ቢባሉ ያምናሉ? ሰው ሳያስበው የሌላውን ሰው የፊት ገጽታ፣ የድምፅ ቃናና አቀማመጥ ይኮርጃል። ፊቱ ሲኮሳተር ስሜቱም አብሮ ይጨፈግጋል። አሜሪካዊቷ የሥራ አመራር ተመራማሪ ሲጋል ባርሴድ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት ይህን በቡድን ሥራ ላይ ፈትሻለች። ተማሪዎችን በቡድን አድርጋ ስለ ጉርሻ ገንዘብ ክፍፍል እንዲወያዩ አደረገች፤ በየቡድኑም አንድ የሠለጠነ ተዋናይ አስገባች። ተዋናዩ በአንዱ ቡድን ደስተኛ፣ በሌላው ክፉ ስሜት ያደረበት ሆኖ ይቀርብ ነበር። የተዋናዩ ስሜት ወደ ቡድኑ አባላት ተጋባ። መልካም ስሜት የተጋባባቸው ቡድኖች ይበልጥ ተባበሩ፣ ጭቅጭቃቸውም ቀነሰ።

ልብ ይበሉ፤ ተዋናዩ የማንም አለቃ አልነበረም። እርስዎ አለቃ ከሆኑ ደግሞ ሠራተኛው ጠዋት መጀመሪያ የሚያነበው ጋዜጣ የእርስዎን ፊት ነው። «ዛሬ እንዴት ናቸው?» የሚለው ጥያቄ በስንት ቢሮ የቀኑ የመጀመሪያ ሥራ እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል። የቁጣዎ መጠን ከወንበርዎ ከፍታ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ከባልደረባ የሰማነው «ኧረ ተው!» ከሥራ አስኪያጅ አፍ ሲወጣ ማስጠንቀቂያ ይመስላል።

ያልተነካው ሰው ለምን ይሳሳታል?

ክሪስቲን ፖራዝና አሚር ኤሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009 ባወጧቸው ጥናቶች ሰዎች ክብር በሚነካ አነጋገር ከተስተናገዱ በኋላ፣ ወይም ሌላ ሰው እንዲያ ሲስተናገድ ካዩ በኋላ፣ ቀላል የሚመስሉ ሥራዎችን እንዲሠሩ አደረጉ። የተዘበራረቁ ፊደላትን አስተካክሎ ቃል መመሥረት፣ አንድ ጡብ ለስንት ነገር ሊያገለግል እንደሚችል ማሰብ፣ እንዲህ ያሉ ሥራዎች ናቸው። የተዋረዱት ውጤታቸው ቀነሰ። ቆመው ያዩት ውጤትም ቀነሰ።

ምክንያቱ ብዙም አያስቸግርም። ጭንቅላት በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ነገር ውሱን ነው። «ምን አድርጌ ይሆን?»፣ «ቀጣዩ እኔ ብሆንስ?»፣ «ለምን ዝም አልኩ?» የሚሉት ሐሳቦች ለሥራው የታሰበውን ቦታ ይይዙታል። ገንዘብ ያዧ ፊቷ ያለውን ብር ትቆጥራለች፣ ልቧ ግን ከአሥር ደቂቃ በፊት የተባለውን ይቆጥራል።

ነገሩ ከብር ቆጠራ በላይ የሚከብድበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በእስራኤል በጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ 24 የሐኪሞችና የነርሶች ቡድኖችን ያሳተፈ ነበር። ቡድኖቹ በሠልጣኝ አሻንጉሊት ላይ ያለ ጊዜው የተወለደና በድንገት የታመመ ሕፃን እንዲያክሙ ተደረገ። ከውጭ አገር የመጣ ባለሙያ እንደሚከታተላቸውም ተነገራቸው። ባለሙያው ለግማሾቹ ተራ አስተያየት ሲሰጥ፣ ለተቀሩት ግን ስለ አገሪቱ የሕክምና ደረጃ ንቀት ያዘለ አስተያየት ሰነዘረ። አልጮኸም፤ ማንንም በስም አልሰደበም። ሆኖም የተናቁት ቡድኖች በሽታውን በመለየትም፣ ሕክምናውን በመስጠትም ከሌሎቹ አነሱ። እርስ በርስ መረጃ መለዋወጣቸውና እርዳታ መጠየቃቸውም ቀነሰ።

ይህን የምናነሳው ሐኪሞችን ለመውቀስ አይደለም። እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው እንኳ በአንዲት ክፉ ቃል ምክንያት አጠገቡ ያለውን ባልደረባ «እስቲ ይህን እየው» ማለት ይተዋል። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ሕፃን ባያክምም ሕንፃ ይገነባ፣ መድኃኒት ያስመጣ፣ የሰው ገንዘብ ይይዝ ይሆናል።

ስህተት የሚደበቅበት ቢሮ

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በሥራዋ መጀመሪያ ዓመታት በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጥንታ ነበር። የጠበቀችው ጥሩ የሚግባቡ ቡድኖች ጥቂት ስህተት እንዲኖራቸው ነበር። ያገኘችው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ጥሩ የሚግባቡት ቡድኖች የተመዘገበባቸው ስህተት በዛ። ነገሩን ስትመረምር ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ ታያት። እነዚያ ቡድኖች ስህተታቸውን ሳይፈሩ ይናገሩ ነበር። አለቃ በሚፈራባቸው ክፍሎች ግን ስህተት ይደበቅ ነበር። ግኝቷ እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሰው በቡድን ውስጥ ያለ ፍርሃት መናገር መቻሉን በሰፊው የሚያብራራ ሥራ አወጣች።

አሁን ወደ ራስዎ ይመለሱ። «በእኔ ክፍል ችግር የለም» ይላሉ? መልካም። ግን ችግር የሌለው ችግር ስለሌለ ነው ወይስ የሚነግርዎ ስለሌለ? የሚቆጣ አለቃ ዘንድ መጥፎ ዜና የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ሲደርስም አብቦና አፍርቶ ነው። ማክሰኞ በአንድ ስልክ ይስተካከል የነበረ የደረሰኝ ስህተት ከሦስት ወር በኋላ በኦዲተር ይገኛል። ያኔ ደግሞ ይበልጥ ይቆጣሉ፤ ሠራተኛውም ይበልጥ ይደብቃል። ይህ አዙሪት እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

«ካልተቆጡ ሰው አይሠራም»

ይህን አባባል ያልሰማ የለም፤ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ማለትም አይቻልም። ቁጣ ለጊዜው ያንቀሳቅሳል። ሰውም ቁጡን ሰው ኃይለኛና ብቁ አድርጎ የማየት ዝንባሌ አለው። ላሪሳ ቲደንስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው ጥናት ሐዘን ካሳየ ሰው ይልቅ ቁጣ ያሳየ ሰው ለሥልጣን የተገባ ተደርጎ እንደሚታይ አሳይታለች። አንዳንድ ሰው በቁጣው ምክንያት ሹመት ቢያገኝ የሚገርም አይደለም።

ይህ «ጥቅም» ግን ለሁሉም እኩል አልተሰጠም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቪክቶሪያ ብሬስኮልና ኤሪክ ኡልማን ሰዎች የሥራ ቃለ መጠይቅ ቪዲዮ እንዲያዩ አደረጉ። የተቆጣው ወንድ ሲሆን ተመልካቾች ከፍ ያለ ቦታ ሰጡት፤ የተቆጣችው ሴት ስትሆን ቦታዋንም ደመወዟንም ዝቅ አደረጉባት። የወንዱ ቁጣ «የሚያስቆጣ ነገር ገጥሞት ነው» ተባለ፤ የሴቷ ደግሞ «ጠባይዋ ነው» ተባለ። እኛስ ቢሮ? የተቆጣ ወንድ «ኮስታራ፣ ቀልድ የማያውቅ» ይባላል፤ የተቆጣች ሴት «ምን ሆና ነው? ቤቷ ሰላም የለም መሰለኝ» ትባላለች። ሴት አለቃ ካለችዎ ወይም እርስዎ ራስዎ ሴት አለቃ ከሆኑ ይህ ሚዛን ምን ያህል እንደተዛባ ያውቁታል። በዚያው ጥናት ሴቷ የተቆጣችበትን ተጨባጭ ምክንያት ስትናገር ቅጣቱ ቀለል ብሏል።

ቁጣ ሁሉ ክፉ ነው ማለትም አይደለም። ሠራተኛ ያለ ጥፋቱ ሲቀጣ፣ የደንበኛ ገንዘብ ሲጠፋ፣ ሴት ባልደረባ ስትተነኮስ የማይቆጣ ሰው ትዕግሥተኛ ሳይሆን ግድ የለሽ ነው። ጥያቄው ቁጣው በምን መልክ ይውጣ፣ ለማንስ ይድረስ የሚለው ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

በአለቃው ላይ መመለስ ያልቻለ ሰው ቁጣውን የት ያደርሰዋል? መጀመሪያ በታክሲ ረዳቱ ላይ፣ ከዚያ በር ዘግይቶ በከፈተው ጥበቃ ላይ፣ በመጨረሻም የቤት ሥራውን ይዞ «አባዬ ይህን አሳየኝ» ብሎ በቀረበ ልጅ ላይ። ሬና ሬፔቲ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ የሆኑ አባቶችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመችው ጽሑፍ ይህንኑ ያመለክታል። ሥራ የበዛባቸው ቀን አባቶቹ ቤት ሲገቡ ዝም ይላሉ፣ ከልጆቻቸውም ይርቃሉ። በሥራ ቦታ ከሰው ጋር የተጋጩ ቀን ግን በልጆቻቸው ላይ ይበልጥ ይቆጡና ይቀጡ ነበር።

እንግዲህ እርስዎ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተቆጡት ሠራተኛ አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ማታ አንድ ሰዓት ላይ አባት ነው፣ እናት ናት። የተናገሩት ቃል ከእሱ ጋር ታክሲ ተሳፍሮ፣ የማያውቁት ቤት ገብቶ፣ ከማያውቁት ልጅ ጋር ያድራል።

የእርስዎ ቤት የማን መሥሪያ ቤት ነው?

ስለ ሥራ ቦታ ስናወራ የምንረሳው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። የቤት ሠራተኛ ወይም ሞግዚት ካለችዎ፣ የእርስዎ ሳሎንና ወጥ ቤት የእሷ ቢሮ ነው፤ እርስዎም አለቃ ነዎት። ወጥ ሲያርር፣ ሸሚዝ ሲቃጠል፣ ብርጭቆ ሲሰበር የሚወጣው ቃል እዚህ ጽሑፍ ላይ ካነሳናቸው ሁሉ የተለየ አይደለም። እንዲያውም ይብሳል፤ እሷ ማታ የምትሄድበት ሌላ ቤት ላይኖራት ይችላል።

እዚህም የተደበቀ ስህተት አለ። ሕፃኑ ከአልጋ ቢወድቅ፣ መድኃኒቱ በስህተት ሁለቴ ቢሰጠው፣ ስድብ የምትፈራ ሞግዚት ትነግርዎታለች? ልጅዎ የሚተኛው በእሷ እጅ ነው። ስለዚህ «አትፍሪ፣ ምንም ቢፈጠር ወዲያው ንገሪኝ» ማለት፣ ስትናገርም አለመቆጣት፣ ከደግነት ያለፈ የልጅዎ ደኅንነት ጉዳይ ነው። ልጆችም ያያሉ። ከእርስዎ ዝቅ ያለ ሰው እንዴት እንደሚናገሩት ያየ ልጅ ያንኑ ይዞ ያድጋል፤ አንድ ቀንም የሌላ ሰው አለቃ ይሆናል።

ታዲያ ውጬው ልቅር?

«ቁጣን ማፈን ያሳምማል፣ ማውጣት ይሻላል» የሚል ምክር ሰምተው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2002 ብራድ ቡሽማን የተባለ ተመራማሪ የተናደዱ ሰዎች ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲመቱ አደረገ። ንዴታቸው አልወጣላቸውም። ምንም ሳያደርጉ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይበልጥ ተናደው ተገኙ።

ፊት እንዳይታወቅ አድርጎ መዋጥም መፍትሔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ሌላ ጥናት ሁለት ሁለት ሴቶች የሚረብሽ ፊልም አይተው እንዲነጋገሩ ተደረገ፤ አንዷ ስሜቷን እንድትደብቅ ታዘዘች። ነገሩን የማታውቀው የሌላዋ ሴት የደም ግፊት ጨመረ። የታፈነ ስሜትም አጠገብ ላለ ሰው ይሰማዋል ማለት ነው። በመጮህና በመዋጥ መካከል ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ረጋ ብሎ መናገር።

ምን ያድርጉ?

*ሰውነትዎን ያድምጡ።* ቁጣ ከቃል በፊት በአካል ይታወቃል። ጆሮ ይግላል፣ መንጋጋ ይጠብቃል፣ ልብ ይመታል። ይህ ሲሰማዎ ውሳኔ አይስጡ፣ መልእክት አይላኩ፣ ሰው አያስጠሩ። «ይህን ከምሳ በኋላ እንነጋገርበታለን» ማለት በቂ ነው፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነም ይንገሩ፤ አለበለዚያ ኩርፊያ ይመስላል።

*ለብቻ ይናገሩ።* ምስጋና በሰው ፊት፣ ወቀሳ በር ተዘግቶ። ቢሮዎ ክፍት አዳራሽ ከሆነ ወጣ ብላችሁ ቡና እየጠጣችሁ ተነጋገሩ።

*ጥፋቱን ይንገሩ፣ ሰውየውን ይተዉት።* «አንተ ድሮም እንዲህ ነህ» ቢሉት መልሱ ወይ ዝምታ ወይ ጠብ ነው። «ሰነዱ ሐሙስ መድረስ ነበረበት፤ አልደረሰም። በዚህ ምክንያት ደንበኛው ክፍያውን አዘገየብን። ምን ገጠመህ?» ቢሉት ግን የሚመለስ ጥያቄ ነው። «ተናድጃለሁ» ማለትም ነውር አይደለም፤ ምክንያቱን አስከትለው ከተናገሩት ሰው ይረዳዎታል፣ ከጎንዎ ያለውም «እኔን ይሆን?» ብሎ አይጨነቅም።

*ማታ አይጻፉ።* የተጻፈውን ጠዋት ደግመው ያንብቡት። ከግሩፕ ላይ አውርደው ለሚመለከተው ሰው ብቻ ይላኩት።

*ከተቆጡ በኋላ ይመለሱ።* ይህ ከሁሉ ይከብዳል። በሰው ፊት ተቆጥተው ለብቻ ይቅርታ ቢጠይቁ ግማሹ ብቻ ተከፈለ፤ ያዩት ሰዎች አሁንም እንደፈሩ ናቸው። «ትናንት የተናገርኩት ነገር ትክክል ነበር፤ የተናገርኩበት መንገድ ግን ትክክል አልነበረም። ይቅርታ» ቢሉ ሥልጣንዎ አይቀንስም።

ቁጣው በእርስዎ ላይ ሲወርድ

የሚቆጣ አለቃ ካለዎት በዚያው ሰዓት መልስ ለመስጠት አይቸኩሉ። አምባጓሮ ውስጥ ከገቡ ተበዳይነትዎ ይረሳል፤ በሥራ ቦታ ጠብ ማንሳት እንደ ክብደቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት የሚችል ጥፋት ነው። ነገሩ ሲበርድ ቀርበው «ስህተቴን አምናለሁ፣ አርማለሁም። በሰው ፊት እንዲያ ስባል ግን ሥራዬን መሥራት ያቅተኛል» ይበሉ። ብዙ ሰው ቁጣው ምን እንዳደረገ የሚነግረው አጥቶ ነው የሚቀጥለው።

ስድቡ የዕለት ተዕለት ከሆነ ቀኑን፣ የተባለውንና የነበሩትን ሰዎች ይመዝግቡ፤ ለሰው ሀብት ክፍል ወይም ለሠራተኛ ማኅበር ያቅርቡ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲያከብር ግዴታ ጥሎበታል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። የቤት ሠራተኛ ደግሞ በዚህ አዋጅ አትሸፈንም፤ ለእሷ ከማንም በፊት የሚቀርባት ዳኛ የአሠሪዋ ኅሊና ነው።

ባልደረባዎ ሲሰደብ ያዩ ከሆነ ደግሞ ዝም ብለው አይለፉ። አለቃውን መጋፈጥ ላይችሉ ይችላሉ። ከስብሰባው በኋላ ግን ጠጋ ብለው «አይዞህ፣ ያየሁት ነገር ልክ አልነበረም» ማለት ይችላሉ። ያ ሰው ቤቱ ሲገባ ይዞት የሚገባው ስድቡን ብቻ አይሆንም፤ ይህንንም ቃል ይዞ ይገባል። ልጁም ከማታው ፋንታውን ያገኛል።